ድጎማችሁ ሊቀነስ ነው ሲባል፦ ለድሬዳዋ ማኅበራት፣ እድሮችና አፎቻዎች የሚሆን መመሪያ

ሰኔ ውስጥ ነበር። አንድ ቢሮ ኮሪደር ላይ ተራ እየጠበቅኩ ነው። አንድ ባለሙያ በአጠገቤ ሲያልፍ አየኝና "የናንተ ድጋፍ እኮ ዘንድሮ የለም፣ አልሰማሽም እንዴ?" ብሎኝ ሄደ። በቃ፣ ይኸው ነው። ደብዳቤ የለ፣ ስብሰባ የለ።

ማኅበራችን ትንሽ ናት። የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አረጋውያንን ቤት ለቤት እየዞርን እናጥባለን፣ እናገላብጣለን፣ መድኃኒታቸውን እናስታውሳለን። ያን ቀን ወደ ሴቶቹ ተመልሼ "ተነስቷል" አልኳቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስናዝን ቆየን። ከዚያ ረጅም ማመልከቻ ጻፍን። መልሱ የመጣው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው፦ በጀቱ ጸድቋል፣ አልፏል።

ኋላ የገባን ነገር አለ። ያ ሰው ኮሪደር ላይ ሲነግረኝ ነገሩ ገና ረቂቅ ነበር። ማንም አልፈረመበትም። እኛ ግን እንደ ውሳኔ ቆጥረነው ቤታችን ገባን። ያን ዓመት ያጣነውን በሚቀጥለው ዓመት አብዛኛውን አስመልሰናል። እንዴት እንደሆነ ከነስህተታችን እጽፍላችኋለሁ።

መጀመሪያ፣ ወሬውን ወረቀት አድርጉት

"የለም"፣ "ተነስቷል"፣ "ከላይ ነው የመጣው" የሚሉት ውሳኔ አይደሉም። ውሳኔ ቀን፣ ቁጥርና ፊርማ አለው። ስለዚህ የሰማችሁ ቀን አራት ነገር ጠይቁ። ማን ወሰነ? በየትኛው ደብዳቤ ወይም ቃለ ጉባኤ? ከመቼ ጀምሮ? የሚቀነሰውስ ምኑ ነው?

አራተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የመንግሥት ድጋፍ ብዙ መልክ አለው። ለአንዱ ጥሬ ገንዘብ ነው። ለሌላው በትንሽ ኪራይ የተያዘ የቀበሌ ቤት ነው። ለሌላው በነፃ የሚሰጠው አዳራሽ ወይም ቢሮው የሚከፍልለት የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ነው። "ድጋፉ ተቀንሷል" ሲሏችሁ ቤቱም አብሮ ሄዷል ወይ? አንድ ማኅበር ገንዘቡን ሲከራከር ከርሞ ክፍሉን የተነጠቀበትን ጊዜ አውቃለሁ።

ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቡት። ከለላ የሚሆናችሁ ሕግ አለ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። የመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ከከለከላችሁ ለበላይ ኃላፊው፣ ከዚያ ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ትላላችሁ። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ የሆኑ ከተሞችንም ይይዛል፣ ድሬዳዋም ከእነሱ አንዷ ናት። በዚያ አዋጅ ውሳኔ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ምክንያቱን መግለጽ ይኖርበታል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። እንዲህ ብትሉ ይበቃል፦

"ጉዳዩ፦ የበጀት ድጋፍን በተመለከተ የጽሑፍ መረጃ ስለመጠየቅ። ማኅበራችን በቀበሌያችን ለአረጋውያን የቤት ለቤት እንክብካቤ ይሰጣል። ለሚቀጥለው በጀት ዓመት የሚሰጠን ድጋፍ እንደሚቀነስ በቃል ተነግሮናል። ስለዚህ 1ኛ/ ውሳኔ ተሰጥቶ ከሆነ የውሳኔው ቅጂ፣ 2ኛ/ የቅነሳው ምክንያትና መጠን፣ 3ኛ/ ጉዳዩ አሁን ያለበት ደረጃ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በጽሑፍ እንዲገለጽልን በትህትና እንጠይቃለን።"

ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉ። በእጃችሁ በሚቀረው ላይ ቀንና ቁጥር አስጽፉ፣ ማኅተም አስደርጉ። ለባለሙያው በእጁ ሰጥታችሁት የምትወጡት ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ቁጠሩት። ባለሙያው ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ይቀየራል፣ ይረሳል፣ ወረቀት ከወረቀት ሥር ይገባል። መዝገብ ቤት ግን ቁጥር ይሰጣል። በሚቀጥለው ሳምንት ስትመለሱ "ያ ደብዳቤያችን" ሳይሆን "በዚህ ቀን በዚህ ቁጥር ገቢ የሆነው ደብዳቤ ለማን ተመራ?" ትላላችሁ። አነጋገሩ ልዩነት አለው።

ቀን መቁጠሪያውን እወቁ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙዎቻችን የማናውቀው ከሐምሌ በፊት ያለውን ረጅም መንገድ ነው። የበጀት ጥሪ ይተላለፋል። ለየቢሮው ጣሪያ፣ ማለትም ሊጠይቅ የሚችለው ከፍተኛው ገንዘብ፣ ይነገራል። ቢሮው በጣሪያው ልክ ጥያቄውን ያዘጋጃል። ፋይናንስ ቢሮ ፊት ቀርቦ ያስረዳል። ረቂቁ ወደ ካቢኔ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ከተማው ምክር ቤት።

በእያንዳንዱ ቦታ የምታናግሩት ሰው ይለያያል።

ቢሮው ገና ጥያቄውን በሚያዘጋጅበት በበጋው ወራት ሰውየው የቢሮው የዕቅድና በጀት ባለሙያ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ትልቁ ቅነሳ ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። ማንም "ይቀነስ" ብሎ እጁን አላወጣም። ዓምና የነበረችው የናንተ የበጀት መስመር ዘንድሮ የቢሮው የበጀት ሠንጠረዥ ላይ ሳትገለበጥ ቀረች፣ በቃ። ስለዚህ ጥር ወይም የካቲት ላይ ሄዳችሁ "መስመራችን አለች?" ብሎ መጠየቅ፣ ሰኔ ላይ መቶ ፊርማ ይዞ ከመምጣት ይበልጣል። ይህን ምክር ማንም አልሰጠንም ነበር።

ግንቦትና ሰኔ ላይ ነገሩ ከቢሮው እጅ ይወጣል። ያኔ የቢሮ ኃላፊውን፣ ፋይናንስ ቢሮን፣ የምክር ቤት አባላትን ታናግራላችሁ። በጀቱ ከጸደቀ በኋላ የሰማችሁ ከሆነ ደግሞ ሁለት ቀዳዳ ይቀራል። አንዱ በዓመቱ መሐል ሊመጣ የሚችል ተጨማሪ በጀት ነው። ሌላው ቢሮው ከሌላ የበጀት ርዕስ የሚያዛውረው ገንዘብ ነው። በዚህ ጊዜ ሙሉውን አትጠይቁ። በጣም አስፈላጊዋን አንዲት ነገር ምረጡና እሷን ጠይቁ።

የራሳችሁን ጓዳ እዩ

ቅነሳን መከራከር የምትጀምሩት ከራሳችሁ ሳጥን ነው። የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ የመጨረሻው ጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ፣ የዓምናው ሪፖርትና ሪፖርቱን ያስገባችሁበት ማኅተም ያለው ቅጂ፣ የሂሳብ ሪፖርት። አንዱ ከጎደለ ዛሬውኑ አሟሉት። "ሪፖርታችሁ አልደረሰንም" ከሚለው ቃል የበለጠ ቀላል የመቀነሻ ምክንያት የለም፣ እኛን የመቱን በሱ ነው።

በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከተመዘገባችሁ፣ የበጀት ዓመታችሁ ካለቀ በ3 ወር ውስጥ ዓመታዊ ሪፖርት ማቅረብ አለባችሁ። አዋጁ ድሬዳዋ ውስጥ የሚቋቋሙ ድርጅቶችን ይመለከታል። እድርና እቁብን የመሰሉ ባህላዊ ተቋማት ግን በዚህ አዋጅ አይገዙም። ስለዚህ እድርና አፎቻ (እንደ እድር ያለው የኛ አካባቢ መረዳጃ) የሆናችሁ፣ ከመዘገባችሁ የከተማው መሥሪያ ቤት ያገኛችሁትን ወረቀት ነው የምትይዙት።

አንድ ፍርሃት እዚህ ላይ ይነሳል። "እንዲህ ብለን ከጠየቅን ፖለቲካ ውስጥ ገቡ እንባላለን" የሚሉ እናቶች በየማኅበሩ አሉ። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የድሮው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች የመብት ሥራ እንዳይሠሩ ይከለክል ነበር። ያ አዋጅ በ2011 ተሽሯል። አዲሱ አዋጅ ድርጅቶች ሥራቸውን የሚነኩ ሕጎችና ፖሊሲዎች እንዲሻሻሉ ሐሳብ እንዲያቀርቡ ይፈቅዳል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 30 ላይ አቤቱታ የማቅረብ መብትን፣ አንቀጽ 43 ላይ ደግሞ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ያስቀምጣል። አንቀጾቹን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ቦርሳ ውስጥ ያዙ። ለመጨቃጨቂያ ሳይሆን፣ የራሳችሁ ሰዎች እንዲረጋጉ።

ከዚያ አስቸኳይ ስብሰባ ጥሩ፣ ሦስት ነገር ወስኑና በቃለ ጉባኤ ያዙት፦ ቅነሳውን እንቃወማለን፣ እነ እገሌ ይወክሉናል፣ ከዚህ በታች አንስማማም። ሦስተኛዋን በምሥጢር ያዙ።

ብሩን ወደ ሰው ቀይሩት

እኛን በሁለተኛው ዓመት ያተረፈን ይህ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

የመጀመሪያው ማመልከቻችን ሦስት ገጽ ነበር። "ክቡር ሆይ" ይላል፣ "ችግራችንን ተመልክተው" ይላል፣ የማኅበሩን ታሪክ ከምሥረታው ጀምሮ ይተርካል። አንድም ቁጥር የለውም። ልመና ነበር። ለማኝ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆያል።

አሁን እንዲህ ነው የምናደርገው። ለምሳሌ ያህል ድጋፋችሁ በዓመት 120,000 ብር ነው እንበል፣ የምትረዷቸው አረጋውያን 30 ናቸው እንበል። 120,000 ለ30 ሲካፈል ለአንድ ሰው በዓመት 4,000 ብር ነው። በወር 333 ብር። በቀን 11 ብር። በዛሬው ገበያ 11 ብር አንድ ማኪያቶ አይገዛም። በ11 ብር ግን አንድ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ይታጠባል፣ ይገላበጣል፣ ሰው ያየዋል።

ከዚያ የበጎ ፈቃደኛውን ጊዜ ቁጠሩ። 10 ሴቶች በሳምንት ሁለት ቀን ሦስት ሦስት ሰዓት ቢሠሩ፣ በሳምንት 60 ሰዓት፣ በዓመት 3,120 ሰዓት ይሆናል። ይህን ሥራ ከተማው በደመወዝ ሠራተኛ ቢያሠራው ስንት ያወጣል? ስሌቱን በነሱ የደመወዝ እርከን ሥሩት። መንግሥት 120,000 አውጥቶ የሚያገኘው የ120,000 ሥራ አለመሆኑ ያኔ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ቀጥሎ ቅነሳውን ወደ ሰው አውርዱት። "20 በመቶ ብቻ ነው የቀነስነው" ይሏችኋል። 20 በመቶ ማለት 24,000 ብር ነው። 24,000 ለ4,000 ሲካፈል 6 ሰው ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁ ይህ ነው፦ "ከ30ዎቹ የትኞቹን ስድስት እንተው?" እኛ ይህን ጥያቄ ስናነሳ ክፍሉ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ጥያቄው ማስፈራሪያ አይደለም። እውነተኛ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም ቅነሳው ከመጣ እኛ ቁጭ ብለን የምንመርጠው እነዚያን ስድስት ሰዎች ነው።

የማይሰጠው አገልግሎት ወጪ ወዴት እንደሚሄድም አሳዩ። የተኛ ሰው ካልተገላበጠ ቆዳው ይቆስላል። የአልጋ ቁስል አንዴ ከገባ ሕክምናው ረጅም ነው። ያ ሰው መጨረሻው ሆስፒታል ነው፣ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን። አልጋውም፣ መድኃኒቱም፣ ነርሷም የመንግሥት ናቸው። ስለዚህ ወጪው አልቀረም፣ ከአንዱ ቢሮ መዝገብ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ።

ማኅበራችሁ ሌላ ዓይነት ሥራ ቢሠራም ዘዴው ያው ነው። ለልጆች የማንበቢያ ክፍል ከሆነ በሳምንት ስንት ልጅ ይገባል? አካል ጉዳተኞችን የምታግዙ ከሆነ ስንት ሰው ወደ ቢሮና ወደ ትምህርት ቤት አድርሳችኋል? ክፉ ቀንም ቁጠሩ። በሐምሌ 1998 የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ከማንም በፊት የደረሰው ጎረቤት እንደነበር የድሬ ሰው አይረሳውም። በየሰፈሩ ማን አልጋ ላይ እንዳለ፣ ማን መሄድ እንደማይችል የሚያውቅ የሰው መረብ የከተማው የአደጋ መከላከያ አካል ነው። ጎርፍ ያለበት ከተማ ውስጥ ይህን መረብ ማላላት ትልቅ ነገር ነው፣ በደብዳቤያችሁ ላይ አስገቡት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቁጥር አታጋንኑ። 30 ሰው ካላችሁ 30 በሉ። አንድ ጊዜ 50 ብላችሁ ሲቆጠር 30 ከተገኘ፣ ሌላው እውነታችሁ ሁሉ አብሮ ይወድቃል።

እና ካልተቀነሰ ግን ካልጨመረስ? የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የጓንትና የሳሙና ዋጋ የት እንደደረሰ እናንተ ታውቃላችሁ። የድሮ ደረሰኞቻችሁን አውጡና ከአሁኑ ጋር ጎን ለጎን ለጥፉ። በዚያው ብር ስንት ጓንት ይገዛ ነበር፣ አሁንስ? ባለበት የቆመ ድጎማም የተቀነሰ ድጎማ ነው።

ብቻችሁን አትሂዱ

ቅነሳ ሲመጣ እያንዳንዱ ማኅበር በየፊናው ይሮጣል። አንዱ የሚያውቀው ኃላፊ ጋ ይደውላል። ሌላው "የኛን ተዉልን እንጂ የነእገሌን ብትቀንሱ ችግር የለውም" ይላል። እኛም በመጀመሪያው ዓመት እንዲህ ብለናል። እስካሁን ያሳፍረኛል። ያኔ የጠቀስነው ማኅበር ማየት የተሳናቸው ልጆችን የሚያግዝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ሌላውን መንገድ ሞከርን። ከዚያው ርዕስ ድጋፍ የሚያገኙትን ማኅበራት ዝርዝር ጠየቅን፣ ስልካቸውን ፈለግን፣ በአንድ እድር አዳራሽ ቁጭ አልን። ሁለት ነገር ብቻ ተስማማን። አንደኛ፣ ማንም ለብቻው አይደራደርም። ሁለተኛ፣ ማንም የሌላውን ድርሻ አይጠይቅም። ሌላው ሁሉ በየራሱ መንገድ ይሁን አልን።

ሰው ስታሰባስቡ ድሬን በሙሉ አስቡ። ከዚራና ሳቢያን ብቻ ድሬ አይደሉም። መጋላ አለ፣ ገንደ ቆሬ አለ፣ መልካ ጀብዱ አለ፣ የገጠር ቀበሌዎቹ አሉ። የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ በአማርኛ ይጻፋል፣ የቡድናችሁ ንግግር ግን በኦሮምኛም በሶማሊኛም ይሁን። ባለ አንድ ገጹን ጽሑፋችሁን በሦስቱም ቋንቋ የሚያስረዳ ሰው ይኑራችሁ። የአፎቻ ሴቶችን ስትጋብዙ ደግሞ ለስም ብቻ አይሁን። እነሱ የገቡበት ጉዳይ በሁለት ቀን ውስጥ ሰፈሩን ያዳርሳል፣ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

የእምነት አባቶችን ጨምሩ። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም የናንተን አረጋውያን ያውቋቸዋል። ከሁለቱም የድጋፍ ደብዳቤ ካገኛችሁ አብራችሁ አያይዙት።

ዋናው ደብዳቤ

አንድ ገጽ። ከዚያ በላይ አይነበብም። የመጀመሪያው አንቀጽ የምትፈልጉትን ይናገር፦ "የ120,000 ብር ድጋፉ ባለበት እንዲቀጥል እንጠይቃለን።" ሁለተኛው ለስንት ሰው፣ በቀን ስንት ብር እንደሆነ። ሦስተኛው ከተቀነሰ ማን እንደሚቀር። አራተኛው የጋራ ቀጠሮ መጠየቅ። ከሥር የሁሉም ማኅበራት ማኅተምና ፊርማ። ሪፖርትና ስሌቱ አባሪ ይሁን።

ግልባጭን አትናቁ። ለሚመለከተው ቢሮ ስትጽፉ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት፣ ለፋይናንስ ቢሮ፣ ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ግልባጭ አድርጉ። ግልባጩን ግን እያንዳንዱ ቦታ ሄዳችሁ ገቢ አስደርጉ። ወረቀቱ ላይ ስሙ ተጽፎ ያልደረሰ ግልባጭ ብዙ ነው።

ፊት ለፊት ስትቀርቡ

ቀጠሮ ጠዋት ያዙ። የድሬ ከሰዓት ለማንም አይመችም፣ ሙቀቱ ሰውን ያደክማል፣ ቢሮም ይሳሳል። ሦስት ሰው ይበቃል። አንዷ ቁጥሩን የምታውቅ፣ አንዷ ቤት ለቤት የምትሠራ፣ አንዱ ደግሞ እናቱ ወይም አባቱ በማኅበሩ የሚረዱ፣ ፈቅዶ የመጣ ሰው። አሥራ አምስት ሰው ይዛችሁ ከሄዳችሁ ንግግሩ ወደ ጩኸት ይሄዳል።

የምትሰሟቸው መልሶች ብዙም አይለያዩም። አስቀድማችሁ ተለማመዷቸው።

"በጀት ጠባብ ነው።" እውነት ሊሆን ይችላል፣ አትካዱት። "እናውቃለን። ለዚህ ነው በቀን 11 ብር የሚሠራውን ሥራ እንዳትተዉት የምንጠይቀው" በሉ። ከዚያ የቢሮውን ሌሎች ወጪዎች በትህትና አንሱ፦ ስብሰባ፣ አበል፣ በዓል። ሰው ላይ ጣት አትቀስሩ፣ ርዕሱን ብቻ ጥቀሱ።

"ለሁሉም እኩል ነው የቀነስነው።" ይህ ፍትሐዊ ይመስላል፣ አይደለም። አሥር ሠራተኛ ያለው ድርጅት 20 በመቶ ሲቀነስበት ይጠባል። አንዲት አስተባባሪ ብቻ ያለችው ማኅበር ግን አስተባባሪዋን ካጣች ትዘጋለች። የአንድ ሰው አምስተኛ መቀነስ አይቻልም። እኩል ቅነሳ እኩል ጉዳት አይደለም ማለት ይህ ነው።

"እናንተ ከውጭ ታገኛላችሁ።" አብዛኞቻችን አናገኝም። ያገኙ የነበሩትም በጥር 2017 የአሜሪካ እርዳታ በድንገት ሲቆም ምን እንደደረሰባቸው ሁሉም አይቷል። ባለፈው ዓመት ከውጭ ያገኛችሁትን፣ ዜሮም ቢሆን፣ በሂሳብ ሪፖርታችሁ ላይ አሳዩ።

"ራሳችሁን ቻሉ፣ ገቢ ማስገኛ ሥራ ጀምሩ።" አዋጅ 1113/2011 ገቢ ማስገኛን ይፈቅዳል፣ ሐሳቡም መጥፎ አይደለም። መልሳችሁ "እሺ፣ ግን ለመጀመሪያው ቦታና ጊዜ ያስፈልገናል፤ ድጋፉ ለሁለት ዓመት ይቀጥልና ሱቅ የሚሆን ቦታ ስጡን" ይሁን። በአንድ ሌሊት ራሱን የቻለ የአረጋውያን እንክብካቤ የትም የለም።

"መመሪያ አይፈቅድም።" የትኛው መመሪያ? ቁጥሩ ስንት ነው? ቅጂውን እናግኝ። በጨዋ ቃል ጠይቁ፣ ግን ጠይቁ።

ከስብሰባው ስትወጡ በዚያው ቀን አጭር ደብዳቤ ጻፉ፦ "ዛሬ በነበረን ውይይት እንዲህ ተነግሮናል፣ በዚህ ቀን መልስ እንደሚሰጠን ቃል ተገብቶልናል።" ገቢ አስደርጉ። የቃል ተስፋ በዚህ መንገድ ወረቀት ይሆናል።

የምክር ቤት አባሎቻችሁ

የመረጣችኋቸው ሰዎች ናቸው፣ ሰፈራችሁ ይኖራሉ፣ ለቅሶ ቤት ታገኟቸዋላችሁ። በጀቱ ምክር ቤት ሲቀርብ እጅ የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ከጉባኤው ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ አግኟቸው። በጀትንና ማኅበራዊ ጉዳይን የሚመለከቱት ቋሚ ኮሚቴዎች ውስጥ ያሉትን አስቀድሙ። ባለ አንድ ገጹን ስጧቸውና አንድ ነገር ብቻ ለምኗቸው፦ በጉባኤው ላይ ጥያቄውን እንዲያነሱ። ከተቻለ አንድ ቀን ጠዋት ከበጎ ፈቃደኞቻችሁ ጋር ቤት ለቤት ይዙሩ። አንዲት ተመራጭ ከኛ ጋር ሦስት ቤት ገብታ ነበር። በጉባኤው ላይ የተናገረችው እኛ ከጻፍነው ሁሉ ይሻል ነበር።

ሕዝቡ እንዲሰማ

ፊርማ ስታሰባስቡ ስም፣ ቀበሌና ፊርማ ይበቃል። ከየገጹ አናት ላይ ጥያቄው በሙሉ ይጻፍ፣ ሰው ለምን እንደፈረመ ይወቅ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስትጋበዙ ሰውን አትክሰሱ፣ ስለ ሥራችሁ ተናገሩ። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይም እንደዚያው።

ይህን ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የተኛን ሰው ፎቶ አታውጡ። ቁስል፣ ራቁት ገላ፣ የተጎሳቆለ ክፍል ሰው ያስለቅሳል፣ ላይክም ያመጣል። ግን እነዚያ እናቶችና አባቶች ትናንት በዚህ ከተማ ባቡር ጣቢያ የሠሩ፣ ቀፊራ ገበያ የነገዱ፣ ልጅ ያሳደጉ ሰዎች ናቸው። የነሱን ክብር ሸጠን በጀት ማስመለስ አንችልም። እጅ ለእጅ የተያያዘ ፎቶ ይበቃል፣ እሱም በፈቃዳቸው።

ሰላማዊ ሰልፍ የሚያነሱ ይኖራሉ። በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ቢያንስ 48 ሰዓት አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። መብት ነው። የኔ ግምት ግን ለትንሽ ማኅበር የመጨረሻው መንገድ ይሁን ነው። ሰልፍ ብዙ ኃላፊነት አለው፣ ሌላ ዓላማ ያለው ሰውም ሊገባበት ይችላል። ቢሮው በር ላይ ከመቆም ይልቅ ምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ በታዛቢነት ለመገኘት ፈቃድ ጠይቁ።

ግማሹን ሲሰጧችሁ

ብዙ ጊዜ ሙሉውን አይመልሱም። "ግማሹን እንስጣችሁ" ይላሉ። ወዲያው እሺ አትበሉ፣ ወዲያው እምቢም አትበሉ። "ለጉባኤያችን እናቅርብ" ብላችሁ ውጡ፣ ያን በምሥጢር የያዛችሁትን ወሰን አስታውሱ። ከጥሬ ገንዘብ ሌላ ምን ሊሰጡ እንደሚችሉ አስቡ። ክፍል፣ አዳራሽ፣ ጓንትና ሳሙና ከጤና ቢሮ፣ ለበጎ ፈቃደኞች ስልጠና። እኛ በገንዘቡ ላይ ትንሽ ተውንና የቀበሌውን ክፍል ለሦስት ዓመት በጽሑፍ አገኘን። ሲታይ እሱ ይሻል ነበር። ማኅበራቱ አብራችሁ ከሆናችሁ ደግሞ ለአንዱ ብቻ የሚቀርብን ስጦታ ለሁሉም ንገሩ።

ምንም ካልተመለሰ የቢሮውን ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያ እንባ ጠባቂን ሞክሩ። ገቢ ያስደረጋችኋቸው ቅጂዎች በሙሉ እዚያ ያስፈልጓችኋል።

እስከዚያው ሥራው እንዴት ይሁን?

ይህ ከሁሉም ይከብዳል። ገንዘቡ ሲቆም ሴቶቻችን ከኪሳቸው ሳሙና ገዝተው ቀጠሉ። አንድም ቀን አልተቋረጠም። ልብ የሚነካ ነው፣ ግን በሚቀጥለው ስብሰባ ምን እንደተባልን ታውቃላችሁ? "ያለ ድጋፍም ሠርታችኋል እኮ።" ስለዚህ ከኪስ የወጣውን ሁሉ ጻፉ፣ በስምና በቀን። የቀረውንም ጻፉ። ማክሰኞ ያልተሄደበት ቤት፣ ጓንት ሳይኖር የታጠበ ሰው፣ ደክሟት የቀረች በጎ ፈቃደኛ። ሰው አትተዉ፣ ግን ጉድለቱን አትደብቁ።

በጀቱ ከጸደቀ በኋላ፣ ብታገኙም ባታገኙም፣ ደብዳቤዎቹን፣ ስሌቱን፣ ያነጋገራችኋቸውን ሰዎች ኃላፊነትና የሰጡትን መልስ በአንድ ፋይል አድርጉ። ፋይሉ በአንድ ሰው ቤት አይቅር፣ ቅጂው በሁለት ቤት ይቀመጥ። ከዚያ የሚቀጥለውን ዓመት ካላንደር አውጡና ጥር ላይ ምልክት አድርጉ። ያን ቀን ሁለት ሰው ጠዋት ወደ ቢሮው ይሄዳል፣ የበጀት ባለሙያውን ያገኛል፣ "መስመራችን ሠንጠረዡ ላይ አለች?" ብሎ ይጠይቃል።